የግራ እጅ ትምህርት

በቺሎኤ ደሴት፣ በሰኔ መባቻ፣
ዝናቡ አያባራም፤ ስሙን ይለውጣል ብቻ፤
ጧት ካፊያ ነው፣ ቀትር ዶፍ፣ ማታ ደግሞ ጠል፤
የጣውላው ግድግዳ ሲስል ያድራል።

ሩቤሊንዳ ሄደች፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ሳልሞን ልትበልት፣ ከበረዶ ልትዋጋ።
ቀረን ሁለታችን፦ አራት ዓመት ያልሞላት አየሌን፣
እና እኔ፣ ጀልባ ጠራቢው፣ መጋዝ የነጠቀኝ ሁለት ጣቴን።
ቀኝ እጄ ተጠቅልሎ፣ በነጭ ፋሻ ታስሮ፣
እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው፣ ተቀምጫለሁ ዘንድሮ።

ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት» ብሎ ነበር የሸኘኝ፤
«ስድስት ስንት ነው?» ብላ አየሌን ጠየቀችኝ።
ስድስት ባቄላ ደረደርሁ፣ ከመስኮቱ ደፍ፤
«በየእሁዱ አንዷን፣ ሳምንት ባለፈ ቁጥር፣ ዝናብም ቢያልፍ ባያልፍ፣
በርጥብ ጥጥ ጠቅልለን፣
ብርጭቆ ውስጥ እናስተኛለን።»
እሷ ግን በፋሻ እንጂ፣ በጥጥ አይሆንም አለች፤
እንደ አባቷ እጅ እንዲድኑ፣ ባቄላ አሰረች።

ከዚያ ድንች። እዚህ አገር መቼም ድንች ሞልቷል፤
ሐምራዊ አለ፣ ጥቁር አለ፣ እንደ ጣት የሾለም አለ ይባላል።
በግራዬ ለሁለት ቆረጥሁ፣ እየተንቀጠቀጥሁ፤
ኮከብ ልቀርጽ ነበር፤ የወጣውን ግን እኔም አልለየሁ።
«ሸርጣን ነው» አለች እሷ፣ ሳታስብ፣ ሳታመነታ፤
በቀይ ሥር ጭማቂ ነክራ አተመችው፣ ጋዜጣውን ሞልታ፤
አንዱ በሚኒስትሩ አፍንጫ፣ አንዱ በሳንቃ ዋጋ፣
ሦስቱ በእኔ ፋሻ ላይ፣ ሲሄዱ ተራ በተራ ሳይዋጋ አንዱ ካንዱ ጋ።

መቀሱ ግን! አይ መቀሱ!
እሷ ምላሷን ነክሳ ትቆርጣለች፤ እኔም ነከስሁ።
ክብ ጀመርሁ (እኔ፣ ሳንቃ በዓይኔ ብቻ የማቃና!)
ከመስመር ወጣሁ፣ ተመለስሁ፣ ወጣሁ እንደገና።
«ዓሣው አፉን ይክፈት። አሁን ደግሞ ይዝጋ።
አትቸኩል አባዬ፣ ማንም አይነጥቅህ፣ ተረጋጋ።»
ሰኞ ለት የነገርኋትን፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ፣
መልሳ ከፈለችኝ፣ ገና ሐሙስ ሳይደርስ።

ሙጫ አበሰልን፤ ዱቄት በውኃ፣ በትንሿ ድስት።
ጓጎለ። ግድ የለም፤ ያጣብቃል ብንታገስበት።
ከእንቁላል ካርቶን ጀልባ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ ሸራ፤
ሳፋው ላይ ለቀቅናት፤ ሄደች እየተኩራራ ወገቧ፣ እየተንጠራራ።
«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰባት!» (ልጄ ስትቆጥር እንዲህ ናት)
ሰባት ላይ ጎበጠች፣ ውኃው ዋጣት።
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ጠብታ ባስገባ ጀልባዬ፣
እንቅልፍ የማጣ ሰው ነበርሁ፣ የሚነደኝ ከሆዴ።
እጄን ልሰድ ስል፣ ላወጣት፣ ላደርቃት፣ ልጠግናት፣
«ተዋት» አለች አየሌን፤ «ዓሦቹ ናቸው እራት የጠሯት።»

ሩቤሊንዳ ማታ ገባች፣ ጣቶቿ ደንዝዘው፣
ሸርጣኑን፣ ቁርጥራጩን፣ ወለሉን አየችው።
«ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?»
እኔ ቃል ስፈልግ፣
«ሥራ» አለች ልጅቷ።

አምስተኛው እሁድ፣ ፋሻው ተፈታ።
እጄን ከጠረጴዛ በታች ደበቅሁ፣ ከልጄ እይታ።
ወረቀት ዘረጋች። እርሳስ አነሣች። «አምጣ።»
ሌላውን ሰጠኋት። «ይሄን አይደለም፤ የዳነው ይምጣ።»
እርሳሷ እየኮረኮረች ኮረብታ ወጣች፣ ሸለቆ ወረደች፤
ከጠባሳው ስትደርስ ቀስ አለች፤ ግን አልቆመችም፣ አለፈች።
ከዚያ በጣቷ እየነካች፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…»
ሰባትን ልትል አፏን ከፈተች፣
ወረቀቱን አየች፣
መልሳ ዘጋችው።

«ልክ ነው» አለች።

አራቱ ባቄላ በቅለዋል፤ አንዷ በፋሻዋ እንደተኛች ናት።
ስድስተኛዋ ከመስኮቱ ደፍ ላይ፣
ዝናብ ታያለች።